ስልሳ ጭረት

ግድግዳ ጆሮ አለው፣ ሰው እንደሚለው፤
የኛ ግን አፍ ነበረው፣
ኩራዝ ስናጠፋ የሚከፈተው።
ከጭቃው ስንጥቅ ውስጥ፣ ከሣሩ ክዳን ሥር
ቢንቹካ ይወርዳል፣ ጠብ ይላል እንደ ጠጠር፤
ከንፈር ዳር የሚስም፣ ዐይን ጥግ የሚያድር፤
ጠጥቶ፣ ኩሱን ጥሎ፣ ቀስ ብሎ የሚያልፍ፣
ሌባ ነው በክንፍ።
እኛም በእንቅልፍ ልባችን ጉንጫችንን እናካለን፤
በሩን በገዛ ጥፍራችን እንከፍትለታለን።

አባቴ ሲሪሎ፣ በአርባ ሁለት ዓመቱ፣
በሚስኬ ሸለቆ ድንች ሊዘራ በጠዋቱ
በሬዎቹን ጠምዶ፣
ትልሙ መሃል ላይ ቀጥ አለ ልቡ።
በሬዎቹም ቆሙ፣ ከነቀንበራቸው እስኪራቡ።
‹ዐይን ነው› ያለ አለ፤ ‹ብርድ ነው› ያለ አለ፤
ግድግዳውን የጠረጠረ አንድ ሰው የታለ?

ስምንተኛው አልፎ፣ ሆዴ እንደ ጋን ገፍቶ፣
ጫማዬ እምቢ ብሎኝ፣ እግሬ ውሃ ሞልቶ፣
ጤና ጣቢያ ሄድኩኝ ክብደቴን ልለካ፤
ካንዲት ጠብታ ደም ስንቱ ይወጣል ለካ!
ቤኒግና ጣቴን ወጋች፤
ወረቀቷን አየች፣ ደግማ አየች፣ ዝም አለች።
‹ኔሜሲያ፣ ደምሽ ውስጥ ጥገኛ አለ› አለች።
ሳቅኩኝ፣ ሆዴን በመዳፌ አሻሸሁና፦
‹እሱንማ አውቃለሁ፤ ሲራገጥ ነው ያደረው፣ አልተኛም ገና!›
ቤኒግና አልሳቀችም።

ሁለት ነበራችሁ ለካ፣ ካንድ ማዕድ የምትበሉ፤
አንዱ በእንብርቱ ታስሮ፣ ሌላው ልቅ በደሜ ሁሉ።
ስላንተ ሰው ይጠይቃል፣ ‹መቼ ነው ወሩ?› ይላሉ፤
ሌላው ግን፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣
ልቤ ግድግዳ ውስጥ ጎጆውን ቀልሶ
ኖሯል ኪራይ ሳይከፍል፣ አቀርቅሮ ጎርሶ።

‹መድኃኒቱን አሁን ስጡኝ፣ ሳይሻገር እሱ ጋ!›
‹አይሆንም› አለኝ ሐኪሙ፤ ‹ለጽንስ አናምነውም፣ ታገሺ እስኪነጋ።
ስትወልጂ ከእትብቱ ደም እንቀዳለን፤
የሚያልፍባቸው ከመቶ አምስት ቢሆኑ ነው፤ እናያለን።›
ከመቶ አምስት።
ድንች ዘርቼ ከመቶ አምስቱ ቢበሰብስ
ስም አላወጣለትም፣ ጎንበስ ብዬ አላለቅስ።
አንተ ግን ድንች አይደለህ።

ያን ሳምንት አባትህ ማውሮ ልስኑን ፈነቀለ፤
ከድንግል ሥዕል ጀርባ ሠላሳ አንድ ቆጥሮ አቃጠለ፤
አሸዋና ኖራ ለወሰ፣ ሽንቁሩን ደፈነ፤
ቤቱ እንደ ሙሽራ ነጭ ሆነ።
እኔን ግን ማን ይለስነኝ? የኔን ስንጥቅ ማን ደፈነ?

በካርኔቫል ማግስት መጣህ፣ የከበሮው ድምፅ ሳይበርድ፣
ሁለት ሳምንት ቀድመህ፣ ሞልተህ ሳትከብድ።
ቤኒግና የእትብትህን ደም በቀጭን ብልቃጥ ቀዳች፤
አጉሊ መነጽሯ ላይ አጎንብሳ ቆየች።
‹የለም› አለች ያን ቀን። በወሩ ስንመለስ፦
‹ነይ እዪው› አለችኝ። አየሁት፣ እንደ ክር ሲልወሰወስ፣
ቀዩን መንጋ እየገፋ፣
በጎርፍ መሃል እንዳለ ዓሣ ብቅ ብሎ ሲጠፋ።
አባቴ ያወረሰኝ ቤቱን ነው ከነግድግዳው፤
እኔም ላንተ፣ ሳላውቅ፣ ደሜን ሰጠሁህ ከነእንግዳው።

ስልሳ ቀን ኪኒኑን በማንኪያ ጀርባ አደቀቅኩ፤
ጡቴን አልቤ ለወስኩ፤
ስትተፋው አብሬህ አለቀስኩ፣ ደግሜ ለወስኩ፤
በየማታው ኖራው ላይ በሚስማር አንድ ጭረት ጫርኩ።
አድገህ ‹ይህን ነጭ ቤት ማን ቧጨረው?› ብለህ ብትጠይቅ፣
እኔ ነኝ።
ባሥረኛው ወር ደምህ ታየ፤ ጸጥ ያለ ሐይቅ።

የኔውን ደም ሐኪሙ ‹ሥር ሰዷል፣ እንሞክራለን› ነው የሚለው፤
ጡት ስትጥል እጀምረዋለሁ፣ ተራዬን ስጠብቅ ነው።
እስከዚያው ደረቴ ላይ ተኝተህ የምትሰማው፣
ያ ድው ድው የሚለው፣ አንዳንዴ አንዷን የሚዘለው፣
አትደንግጥ፣
ያያትህ በሬ ነው፣ ትልም መሃል የቆመው፤
ትንሽ ቆሞ፣ አየር ስቦ፣ ደግሞ የሚሄደው።